ፍሬን የሌላት ሳይክል፦ ከሆሳዕና ቁልቁለት የጀመረ የብስክሌት ታሪክ

ከሰዓት በኋላ ትምህርት የሌለን ቀን ሁላችንም የምንሄደው አንድ ቦታ ነበር። ዘመኑ 1994 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ከተማው ሆሳዕና። አራት አምስት አሮጌ ሳይክሎች ግድግዳ አስደግፎ የሚያከራይ ሰው ነበር። (ብስክሌት የሚለው ቃል ለመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ እኛ ሳይክል ነበር የምንለው። እዚህም ሁለቱን እየቀላቀልኩ እጽፋለሁ፤ አትቆጡኝ።) ለሩብ ሰዓት ሃምሳ ሳንቲም ትከፍላለህ፣ ስምህ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ የግድግዳውን ሰዓት አይተህ ትወጣለህ። ደቂቃ ካሳለፍክ ቅጣት አለ።

አንድ ቀን ከመሃላችን አንዱ ደፈር ብሎ «ጋሼ፣ ይቺ ሳይክል ፍሬን አላት?» ሲል ጠየቀ። ጋሼ ቀና ብሎ አየውና «እግር የለህም እንዴ?» አለው። ሁላችንም ሳቅን። መልሱን ግን ከጥያቄው በፊት እናውቀው ነበር። ቁልቁለት ላይ ማቆም ሲያስፈልግ ቀኝ እግርህን ከፔዳሉ ታነሳና የኮንጎ ጫማህን ሶል ከኋላ ጎማው ጋር ታጣብቀዋለህ። ጎማው ይጮኻል፣ ሶሉ ይሸታል፣ ሳይክሏ ቀስ እያለች ትቆማለች። የሰፈራችን እናቶች የልጆቻቸው ቀኝ ጫማ ከግራው ቀድሞ የሚያልቅበት ምክንያት ግራ ይገባቸው ነበር።

ክረምት ሊገባ ሲል ነው ነገሩ የሆነው። ጓደኛዬ (ስሙን ልተወው፣ ዛሬ የልጆች አባት ነው) ዝናብ ካባራ በኋላ ተከራይቶ ቁልቁል ለቀቃት። መሃል ላይ እግሩን አነሳ። የረጠበ ሶል የረጠበ ጎማ አይዝም። ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ገባ፤ ጭንቅላቱን የቦዩ የድንጋይ ጠርዝ መታው፣ ክንዱም ተሰበረ። ደርሰን ስናነሳው ይስቅ ነበር። ከግራ ጆሮው ቀላ ያለ ውሃ ይወርድ ነበር፤ የዝናብ ውሃ ነው ብለን በሹራባችን ጠረግነው። ማታ ሲያስመልሰው «ደንግጦ ነው፣ ይተኛ» ተባለ። ክንዱን ወጌሻ አሰረለት። ለአባቱ ኳስ ስንጫወት ወደቀ አልናቸው። ከዚያ በኋላ በግራ ጆሮው ሰምቶ አያውቅም።

ቤተሰቡ የደረሰበት ድምዳሜ አንድ ነበር፤ «ዕድሉ ነው»። እኛም ተቀበልን። አሁን ሳስበው ግን ዕድል ያልነው ነገር ታሪክ አለው። ፍሬኑን ማን አወለቀው? ቦዩን ማን ክፍት ተወው? ለሳይክል መንገድ ላይ ቦታ የነፈጋት ማን ነው? ዛሬ ይህንን ታሪክ ወደኋላ ልከተለው ነው።

«ደህነኛዋ» ሳይክል

የሳይክል ቅድመ አያት እ.ኤ.አ. በ1817 ጀርመናዊው ካርል ድራይስ የሠራው የእንጨት መኪና ነው። ፔዳል አልነበረውም፤ ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሄደው። ሲያቆምም በአብዛኛው በእግሩ ነው። (እኛ ሆሳዕና ውስጥ በ1994 ዓ.ም. እንደዚያው እናደርግ እንደነበር ድራይስ ቢሰማ ምን ይል ይሆን?)

በ1870ዎቹ የመጣው ሳይክል ደግሞ የሚያስፈራ ነበር። የፊት ጎማው እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ የኋላው ትንሽ ነው። ነጂው ከፊተኛው ጎማ አናት ላይ ይቀመጣል። ጎማው ድንጋይ ካገኘው ወይም ፍሬን በድንገት ከያዘ ነጂው ወደፊት ተገልብጦ በጭንቅላቱ ይተከላል። በዚህ ምክንያት ሳይክል የደፋር ጎረምሶች ጨዋታ ሆኖ ቆየ። ሽማግሌ አይወጣባትም፤ ሴቶችም እምብዛም አይጠጓትም።

እ.ኤ.አ. በ1885 የኮቨንትሪው እንግሊዛዊ ጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር» የተባለችውን ሳይክል አወጣ። ሁለቱ ጎማዎች ተቀራራቢ ናቸው፣ ኮርቻው ዝቅ ያለ ነው፣ ኃይሉ በካቴና ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። ዛሬ እናንተ የምትነዱት ሳይክል በመሠረቱ ይኸው ነው። የዚያን ጊዜ ሰዎች ይህንን ዓይነት ሳይክል ምን ብለው እንደጠሩት ታውቃላችሁ? «ሴፍቲ»። ደህነኛዋ እንደማለት ነው። በ1888 ደግሞ ቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ሳይክል ብሎ በአየር የሚሞላ ጎማ ሠራ። ሳይክል ከዚያ በኋላ የሁሉም ሰው ሆነች።

ልብ በሉልኝ። ሰዎች በጭንቅላታቸው መተከል ሲሰለቻቸው «ነጂው ይጠንቀቅ» ብለው ብቻ አልተዉትም። ዕቃውን ቀየሩት። ቀጥሎም መንገዱን ጠየቁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1880 የተቋቋመው የብስክሌተኞች ማኅበር ለተሻለ መንገድ ቅስቀሳ ሲያደርግ አውቶሞቢል ገና ገበያ ላይ አልወጣም ነበር። ዛሬ ሳይክልን ከአስፋልት ዳር የሚገፉት መኪኖች የሚሄዱበትን መንገድ አስቀድመው ከለመኑት መካከል ሳይክል ነጂዎች አሉበት።

በበቅሎ ዘመን

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሆሳዕና ድሮ ዋቸሞ ነበር ስሟ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ስሙን ይዞታል። የአሁኑ ስሟ የምኒልክ ሠራዊት አለቆች በሆሳዕና በዓል ዕለት ከመስፈራቸው ጋር ተያይዞ ይተረካል። ያን ጊዜ በሀዲያና በከምባታ ምድር መንገድ ማለት የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን እሱም እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ በኩል በስንት መከራ ነድቶ ለምኒልክ ያደረሰው ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳን፣ እ.ኤ.አ. በ1928፣ በዶክተር ላምቢ የተመሩት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የወረዱት በበቅሎ ተጭነው ነው።

የበቅሎ መንገድ የራሱ ሕግ ነበረው። ሁሉም የሚሄደው በእንስሳና በሰው እግር ፍጥነት ነው። ገበያተኛው፣ ከብቱ፣ ፈረሰኛው፣ እንጨት ተሸካሚዋ እናት በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ቢጋጩም ይሰዳደባሉ እንጂ አይገዳደሉም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመጣበታለን።

ሳይክል ወደ አገራችን በስፋት የገባችው ከጣሊያን ጋር ነው ብዬ ለመከራከር ማስረጃዬ የጥገና ቤት ቋንቋ ነው። ጎማ የነፋችሁበትን ልጅ አዳምጡት። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ካላማዳሪያ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ ይላል። ሁሉም የጣሊያን ልጆች ናቸው። ሳይክል ላይ ተቀምጦ የቀረው የአገር ቃል ኮርቻ ነው፤ ከበቅሎ ተወርሶ። ፍሬን የሚለው ቃል ቸርኬና ካቴና ከሚሉት ጋር ገብቷል። ቃሉ ስለነበረን ፍሬኑም ያለን መሰለን።

ሄልሜት የሚለው ቃል ግን ብዙ ቆይቶ ከእንግሊዝኛ ነው የመጣው። ያውም ከሞተር ብስክሌት ጋር። ጥንት ለጦረኛ «የራስ ቁር» የሚል የሚያምር ቃል ነበረን፤ ለሳይክል ነጂ ያዋለው ሰው ግን አላየሁም።

ሜዳሊያ ያልመጣበት ስፖርት

የብስክሌት ውድድር አስመራ ላይ የተጀመረው በጣሊያን ዘመን ነው። የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1946 ተካሄደ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ በ1956 ሜልቦርን፣ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። ከእነሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር። ቡድኑ በጎዳና ውድድር 9ኛ ወጣ። ልብ በሉ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ነው። ከስልሳ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ2016፣ የማይጨው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ተወዳዳሪው ሄልሜት አለው፣ መንገድ ይዘጋለታል፣ ከኋላው የሕክምና መኪና ይከተለዋል። ዳቦ አመላላሹ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪው ምን አለው? የሳይክል ታሪካችንን ስንጽፍ ሁልጊዜ የተወዳዳሪውን እንጽፋለን። ለወተት ጀሪካን ጭኖ ለወረደው ሰው አንድ አንቀጽ የለንም።

ሜዳ ያላቸውና ዳገት ያለን

ሀዋሳ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ባሕር ዳርስ? በሁለቱም ከተሞች ሳይክል የከተማው መልክ ናት። ሁለቱም ሐይቅ ዳር ናቸው፣ ሁለቱም ሜዳ ናቸው፣ መንገዳቸው ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። እኛ ሆሳዕናዎች ሀዋሳ ስንሄድ ሳይክል ተከራይተን «እንዴት ቀላል ነው!» እንላለን። የሀዋሳ ልጅ ግን ሆሳዕና መጥቶ ይሞክራትና ያየናል!

ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ዝናብ አላት፣ ጉም አላት፣ ዳገት አላት። ዱራሜም፣ ዶዮገናም፣ አንጋጫም ሜዳ አይሉዋቸውም። ስለዚህ እኛ ጋ ሳይክል መንዳት ማለት ግማሹን መግፋት፣ ግማሹን መውረድ ነው። አደጋውም ያለው መውረዱ ላይ ነው።

እስቲ ትንሽ ፊዚክስ ታገሱኝ። የሚንቀሳቀስ ነገር የሚይዘው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄድክ በጫማህ ያቆምካት ሳይክል 30 ስትደርስ አራት እጥፍ ማቆሚያ ትፈልጋለች። ከኋላ አንድ ኩንታል ጭነት ካለ ደግሞ እሱም ይጨመራል። ዝናብ ሲዘንብ ቸርኬው ላይ የሚይዘው የፍሬን ጎማ መጀመሪያ ውሃውን ነው የሚጠርገው፤ ብረቱን የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በየከተማችን የተነጠፈው ኮብልስቶን ከጭቃ አውጥቶናል፤ ተመስገን። ሲረጥብ ግን ለቀጭን ጎማ እንደ ሳሙና ነው።

ዳገቱ ደግሞ ሌላ ጥበብ አስተማረን። ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ሲያዘግም የኋላ ብረቱን በአንድ እጅ ይዞ መጎተት! ያላደረገ የኛ ዘመን ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ሾፌሩ በመስተዋቱ አያይህም። አንተም ከፊቱ ያለውን ጉድጓድ አታይም። እሱ ፍሬን ሲይዝ ያንተ ጥርስ ነው ብረቱን የሚያገኘው።

አስፋልቱ ሲመጣ

አሁን የበቅሎውን ሕግ አስታውሱ፤ ሁሉም በአንድ ፍጥነት።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ከቡታጅራ ተነስቶ በሆሳዕና፣ ከዚያም በዶዮገናና በአረካ አድርጎ ወደ ሶዶ የሚያልፈው መንገድ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ወደ አስፋልት ተቀየረ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ መሄድ አቧራ መብላት ነበር። አስፋልቱ ድንችና ቆጮውን ለገበያ አደረሰ፤ ምጥ የያዛትን እናት ሆስፒታል አደረሰ። ማንም ወደ ፒስታው እንመለስ አይልም።

ነገር ግን አስፋልቱ ብቻውን አልመጣም፤ ፍጥነትን ይዞ ነው የመጣው። ያ ዘመን ሕዝቡ የጭነት አይሱዙዎችን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመበት ዘመን ነው። ስሙ ቀልድ ይመስላል፤ ቀልዱን ያወጣው ግን መንገድ ዳር የቆመ ሰው ነው። ባጃጅም በዚያው ዘመን ነው ከተሞቻችንን የሞላው። የጋሪው ፈረስ፣ አህያዋ፣ ተማሪው፣ ሳይክሉ፣ ባጃጁና አይሱዙው በአንድ ሰባት ሜትር ስፋት ላይ ተገናኙ። መንገዱ ሲነደፍ ግን ከእነዚህ ውስጥ የታሰበው ባለሞተሩ ብቻ ነበር። ለሳይክል የቀረላት አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ የሚጀምርበት ጠርዝ ነው። ከጠርዙ ቀጥሎ ቦዩ አለ። ቦዩን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ውስጥ ከ100,000 ሰው 26.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። የአውሮፓ ቀጣና አማካይ 9.3 ነበር። የመኪናው ቁጥር ግን የተገላቢጦሽ ነው! መኪና የሌለው አገር ነው በመኪና የሚሞተው። ይኸው ድርጅት ሌላም ነገር ይላል፤ በመኪና ፊት የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ፣ የመኪናው ፍጥነት በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፣ 4.5 ጊዜ ይጨምራል። ሳይክል ነጂም ብረት አልለበሰም፤ ሥጋው ከእግረኛው አይለይም።

«ታዲያ ይሄ የድህነት ጣጣ ነው» የሚል ይኖራል። ኔዘርላንድን ተመልከቱ። ዛሬ የሳይክል ገነት ናት እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1971 ግን በዚያች ትንሽ አገር በአንድ ዓመት ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞተ፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ሀብታም አገር ነበረች፤ ለመኪና ስትል መንገዷን አስፍታ ሳይክሉን ገፍታ ነበር። በ1972 ሴት ልጁን በመኪና ያጣ አንድ ጋዜጠኛ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብሎ ጻፈ። ወላጆች በዚህ ስም ተደራጅተው መንገድ ላይ ወጡ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ መንግሥት እሁድ እሁድ መኪና ከለከለ፤ ሕዝቡ ባዶውን ጎዳና አየውና ወደደው። የሳይክል መንገዶቹ ከዚያ በኋላ ነው የበዙት። ደች ከእናቱ ሆድ ሳይክል ይዞ አልወጣም። ልጆቹ ሲሞቱበት «ዕድላቸው ነው» አላለም።

ስለ ጭንቅላት

ሄልሜት ላይ እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ1935 «የዐረቢያው ሎሬንስ» በመባል የሚታወቀው እንግሊዛዊ፣ ሳይክል የሚነዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ በጭንቅላት ጉዳት ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ነበር። ኬርንስ ነገሩ አልለቀቀውም። በ1941 ሄልሜት ያደረጉ ሞተረኞች የሚደርስባቸው ጉዳት ቀለል ያለ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። የብስክሌት ሄልሜትም ከብዙ ዓመት በኋላ በዚሁ ሐሳብ ተስፋፋ። እሱም የጭንቅላት ጉዳትን በእጅጉ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ግን አንዋሽ፤ ሄልሜት ከአይሱዙ አያድንም። ከቦይ ጠርዝ ግን ያድናል። የጓደኛዬ ጠላት አይሱዙ አልነበረም።

ሄልሜት መግዛት ለማይችል ሰው በነፃ የሚገኝ ነገር ልንገራችሁ፤ እውቀት። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከተቀባዠረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ መሳይ ፈሳሽ ከወረደ «ይተኛ» አይባልም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ያ በሹራባችን የጠረግነው ቀላ ያለ ውሃ የዝናብ እንዳልነበረ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ፣ ስለ ሌላ ሰው ሐኪም ሲያስረዳ ቆሜ በሰማሁበት ቀን ነው።

ወጌሻን ልናቃልል አይደለም፤ አያቶቻችንን ያቆመ ሙያ ነው። ሆኖም ስብራቱ ላይ ቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም ከልክሎ እጅና እግር እስከማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ቀዶ ሐኪሞች ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። ከታሰረ በኋላ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያውን አላልቶ መሮጥ ነው።

ሕጉስ ምን አለ?

ሕግ የለንም እንላለን እንጂ አለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያጠፋው እሱ ባይሆንም፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። ጥፋቱ የተጎጂው ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል። አስቡት፤ ዋና መንገዶቻችን ገና ፒስታ በነበሩበት ዘመን የተጻፈ ነው! በ2000 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 559 የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ አደረገ፤ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። በዚህም የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ፣ ገጭቶ ያመለጠና ያልታወቀ መኪና ከሆነም ከመድን ፈንድ ካሳ እንዲጠየቅ በር ተከፈተ።

በተግባር ግን እኛ ጋ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በሽምግልና ነው። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ይቅር ይባላል፣ ትንሽ ገንዘብ ይሰጣል። እርቁ ቂም ያበርዳልና ክብር ይገባዋል። ነገር ግን እርቁ መድኑን መተካት የለበትም። ያንን ካሳ ጠይቆ ማግኘት እርቁን አያፈርስም። ይህንን ለአባቶቻችን የሚያስረዳ ከኛ ትውልድ ካልተገኘ ከየት ይመጣል?

ሕጉ ያልደረሰበት ቀዳዳ ደግሞ የጓደኛዬ ነው። መኪና የለበትም፣ የተገጨ የለም፣ መዝገብ የለም። ፍሬን የሌላት ሳይክልና ክዳን የሌለው ቦይ በየትኛውም የፖሊስ ደብተር ላይ አይጻፉም።

አሁን

ደግ ነገርም አለ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» በሚል መኪና የሌለበት እሁድ ተጀመረ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚቆይ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አወጣች፤ አገር አቀፉም እ.ኤ.አ. በ2020 ተከተለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆነች። የኮሪደር ልማቱም ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ክልል ከተሞች ሲወጣ የኛም ተራ ደረሰ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ የብስክሌት መስመር የሚሉ ቃላት በሆሳዕና መሰማታቸው በራሱ ለኔ ታሪክ ነው።

ፍርሃቴን ግን አልደብቅም። የብስክሌት መስመር ለፎቶ የሚያምረው መሃል ከተማ ነው። ልጁ የሚወድቀው ግን መሃል ከተማ አይደለም። ከቦቢቾ፣ ከጎፈር ሜዳ፣ ከሰች ዱና ሰፈሮች ቁልቁል ሲወርድ ነው፤ አስፋልቱ ከከተማ ወጥቶ ወደ ሀላባ ወይም ወደ ዱራሜ ሲያቀና፣ ሾፌሩ «ከተማ አለቀ» ብሎ ነዳጅ ሲረግጥ ነው። ቀለም የተቀባ መስመር ላይ ባጃጅ ከቆመበትም መስመርነቱ አብቅቷል።

ስለዚህ የኔ ዝርዝር አጭርና ርካሽ ናት። ማዘጋጃ ቤቶች፦ ቦዮችን ክደኑ፤ ከትምህርት ቤት በፊትና በከተማ መውጫዎች ላይ ፍጥነት ማብረጃ ሥሩ። አከራዮች፦ ሁለቱም ፍሬኖች የማይሠሩባትን ሳይክል አታውጡ፤ አሮጌ የፍሬን ጎማ መቀየር ከአንድ ልጅ ጆሮ ይረክሳል። ነጂዎች፦ ቁልቁለት ሳትጀምሩ ፍሬን ሞክሩ፣ ቁልቁለቱን ገና ከላይ ቀስ ብላችሁ ጀምሩት፣ ቀኛችሁን ይዛችሁ ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ሂዱ፣ ማታ ከፊት መብራት ከኋላ የሚያንጸባርቅ ነገር አድርጉ፣ የመኪና ጭራ አትያዙ። ሾፌሮች፦ ሳይክል ስታልፉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁላት፤ ጉድጓድ ልታልፍ ወደ እናንተ ልትጠጋ ትችላለች።

ባለፈው ፋሲካ ሆሳዕና ነበርኩ። ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። እንደ ልማዴ በቀኙ በኩል ተቀመጥኩ። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁ አዲስ ሳይክል ተገዝቶላታል፤ ሮዝ ናት። ግቢው በር ላይ ሳይክሏን አስቆማት፣ የፊቱን ፍሬን ያዘና ገፋ፤ የኋላውን ያዘና ገፋ። «አባዬ ትናንትም አይተኸዋል እኮ!» አለችው። ያለችው አልተሰማውም፤ በግራው በኩል ነበረች። ዞሮ «ምን አልሽ?» አላት።

ቸር ይግጠመን።